ራስንና ልጅን መጠበቅ፦ «ጊዜ የለኝም» ለሚል ወላጅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሱረቱ ዩሱፍን ያልቀራ፣ ቢያንስ ከኡስታዝ አፍ ያልሰማ ሙስሊም ጥቂት ነው። ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በዚህች ሱራ ብዙ ጊዜ የሚወሱት በትዕግሥታቸውና በለቅሷቸው ሲሆን፣ የአባትነት ጥንቃቄያቸው ግን ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ልጆቻቸው ዩሱፍን ለጨዋታ ይዘነው እንሂድ ባሏቸው ጊዜ፣ እነሱ ሲዘናጉ ተኩላ እንዳይበላው መስጋታቸውን አልሸሸጉም። ከብዙ ዓመታት በኋላም እነዚያኑ ልጆች ወደ ምስር ሲልኩ፣ ሁሉም በአንድ በር እንዳይገቡና በተለያዩ በሮች እንዲገቡ መከሯቸው። ወዲያውም ይህ ምክር ከአላህ ውሳኔ ምንም እንደማያስቀር፣ መመኪያቸውም እርሱ ብቻ እንደሆነ ነገሯቸው።

ልብ እንበል። ነቢይ ናቸው፣ በአላህ ላይ ያላቸው መመካት የተሟላ ነው፤ ሆኖም የልጆቻቸውን መንገድና በር ቆጠሩ። ሌላም አለ። አባት የፈሩት የጫካውን ተኩላ ነበር፤ ዩሱፍን ጉድጓድ የጣሉት ግን ከአንድ ቤት የወጡ፣ አብረውት ያደጉ ወንድሞቹ ናቸው። ዛሬ ለማንሣት ለፈለግነው ጉዳይ ሁለቱም ነጥቦች ያስፈልጉናል።

ጉዳዩ በልደታና በአካባቢው የሚኖር ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከልደታ ማርያም ወዲህና ወዲያ የነበረው የጥንቱ ሰፈር ከ2000 ዓ.ም በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተተከለበት። ቤቱ ተሻለ፤ ውኃውና መጸዳጃው ተሻለ፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። የጠፋው ግን ዓይን ነው። በድሮው ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የጎረቤቱን ልጅ በስሙ ያውቅ ነበር፤ የማይታወቅ ሰው በመንደሩ ሲንጎራደድ አንዷ እናት «ማንን ፈልገህ ነው?» ማለቷ አይቀርም ነበር። ዛሬ በአንድ ደረጃ እየወጣንና እየወረድን ከላይ ያለውን ጎረቤት ስም አናውቅም። አባት ከሱብሒ በኋላ ወደ መርካቶ ወይም ወደ ቢሮው ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ዒሻ ከተሰገደ በኋላ ነው። እናትም ሥራ አላት። ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ መድረሳ፣ ከመድረሳ ወደ ቤት የሚለው መንገዱን ያለ ጠባቂ ይጓዛል። በየጣቢያውና በየታክሲ ተራው ያለውን ግፊያ ያየ ወላጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዚያ መካከል ምን እንደምትመስል መገመት አያቅተውም።

በመስከረም 2007 ዓ.ም በዚችው በአዲስ አበባ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ለመመለስ ሚኒባስ ተሳፈረች። ታክሲ መስሏት ነበር። በውስጡ የነበሩት ወንዶች ጠልፈው ወሰዷት፣ ለቀናት አሰቃዩዋት፤ ሆስፒታል ብትገባም በጥቅምት ወር ሕይወቷ አለፈ። ወንጀለኞቹ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ከባድ እሥራት ተፈረደባቸው። በ2015 ዓ.ም ክረምት ደግሞ በባሕር ዳር አንዲት የ7 ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች። ነገሩ በ2016 ዓ.ም ነሐሴ አገር ሲሰማው ሁሉም አለቀሰ። እናቲቱ ሠርታ የምታድር የጤና ባለሙያ ነበረች። ገዳዩስ? የተከራዩት ቤት አከራይ! አንደኛው አደጋ ከመንገድ የመጣ ተኩላ ነው፣ ሁለተኛው ከዚያው ከግቢው። ለሁለቱም ሕፃናት ቤተሰቦች አላህ ሶብሩን ይስጣቸው።

በሁለቱም ጊዜ ያደረግነውን እናስታውስ። ተቆጣን፣ ስቅላት ይገባቸዋል አልን፣ ፎቶግራፋቸውን በየስልካችን ተላላክን። በማግሥቱ ልጃችን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ታክሲ ተሳፍራ ሄደች፤ አንድም አዲስ ነገር ሳንነግራት! ለምን ቢባል መልሱ ሁለት ነው፤ «ጊዜ የለንም» እና «አላህ ይጠብቃታል»።

አላህ ይጠብቃታል ማለት ትክክል ነው። ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስራት ከዚያም እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 71 አማኞች ጥንቃቄያቸውን እንዲይዙ ታዘዋል፤ ከሠላሳ አንቀጾች በኋላ ደግሞ በፍርሃት ጊዜ ሶላት እንዴት በየተራ እንደሚሰገድ፣ መሣሪያም እንዴት ከእጅ እንደማይለይ ተዘርዝሯል። በሱጁድ ላይ ያለን ሰው እንኳ የሚጠብቀው ሌላ ሰው እንዲቆምለት ያዘዘ ሃይማኖት፣ ልጅን ያለ ጠባቂና ያለ ትምህርት ጎዳና ላይ መልቀቅን ተወኩል ብሎ አይጠራውም።

ቡኻሪና ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) ባወሩት ሐዲሥ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምሽት ሲገባ ልጆችን እንድንሰበስብ፣ ያ ሰዓት የሸይጧኖች መሠራጫ እንደሆነ፣ ጥቂት ካለፈ በኋላ እንድንለቃቸው፣ በሩንም የአላህን ስም ጠርተን እንድንዘጋ አስተምረዋል። በአዲስ አበባ መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚገባው። ብዙ መድረሳ ልጆችን የሚለቀውም በዚሁ ሰዓት ነው። ስለማናያቸው ሸይጧኖች ሐዲሡ በቂ ነው፤ በዚያች ሰዓት የሚሠራጩትን የሰው ሸይጧኖች ደግሞ በዓይናችን እናያለን። እንግዲህ የመድረሳ ኮሚቴዎች ሰዓቱን በሃያ ደቂቃ ቢያስቀድሙት፣ ወይም ልጆቹ በየአቅጣጫቸው ሦስት አራት ሆነው እንዲወጡ ቢያደርጉ ምን ያስከፍላቸዋል?

ራስን መከላከል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጡጫና እርግጫ ነው። ለሴት፣ ይልቁንም ለእናት፣ የሚያሳፍር የሚመስለውም አይጠፋም። ለዚህ መልሱ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። የአነስ እናት ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) በሑነይን ዘመቻ ዕለት ጩቤ ይዛ ታየች። ባለቤቷ አቡ ጦልሓ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው ምን እንደሆነ ጠየቋት፤ ከጠላት አንዱ ቢቀርበኝ ሆዱን ልቀድበት ነው አለች። ነቢዩም ሳቁ። አልነቀፏትም፣ ጩቤውን አስቀምጪም አላሏት። እርግጥ እሷ የነበረችው በጦር ሜዳ ነው፤ እኛ ደግሞ እህቶቻችን ጩቤ ይዘው ባቡር ይሳፈሩ አንልም። ነገር ግን ራሷን ለመጠበቅ የተዘጋጀች እናት ከጨዋነት እንዳልወጣች ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ጠንካራ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ በአላህ ዘንድ ተወዳጅ እንደሆነ፣ በሁለቱም ግን መልካም እንዳለ የሚያስተምረው ሐዲሥም የወንዶች ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ፊቅሁ እንለፍ፤ ምክንያቱም መከላከል ወሰን አለው። ኢማሙ ነወዊ «ሚንሃጅ» በተሰኘው፣ በወሎም በሐረርም ደረሳ ሲቀራው በኖረው ኪታባቸው፣ ጥቃት ይዞ ስለሚመጣ ሰው (ሷኢል) አንድ ክፍል አላቸው። ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ አጥቂ የሚመለሰው በቀላሉ ነገር ነው። በንግግር ወይም ሰው በመጥራት ከተመለሰ መምታት አይፈቀድም። በእጅ ከተመለሰ በዱላ፣ በዱላ ከተመለሰ ከዚያ በላይ በሆነ ነገር መምታት አይፈቀድም። ከሁሉም የሚያስደንቀው፣ ሸሽቶ ማምለጥ የሚቻል ከሆነ በመዝሀቡ የጸናው አቋም መሸሽ ግዴታ መሆኑ ነው። ሩጦ ማምለጥን እንደ ፈሪነት የሚቆጥር ጎረምሳ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ሁለት ጊዜ ያንብብለት።

በንብረቱ፣ በነፍሱ፣ በቤተሰቡ ላይ የመጣበትን ሲከላከል የተገደለ ሸሂድ እንደሆነ በሐዲሥ ተነግሯል፤ ይህ እውነት ነው። ዑለማዎች ግን ለይተው አስቀምጠዋል፦ ክብርን መከላከል ግዴታ ነው፤ ንብረትን መከላከል ግን የተፈቀደ እንጂ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ጩቤ ያወጣብህ ሌባ ስልክህን ቢጠይቅህ፣ ወንድሜ፣ ስጠው። የሦስት ልጆች አባት ነህ። ስልክ ይገዛል። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም መጨረሻ የሞተር ብስክሌትን እንቅስቃሴ እስከ መገደብ የደረሰው ከዚሁ ንጥቂያ ጋር ተያይዞ እንደነበር እናስታውሳለን፤ ገደቡ ንጥቂያውን አላጠፋውም፣ ስልክ ይዞ በመንገድ ዳር ማውራትም አልቀረም።

የአገራችን ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላን ሰው ሕገ ወጥ ከሆነ፣ ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከተቃረበ ጥቃት መከላከል እንደማያስቀጣ ይደነግጋል፤ ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ሲሆን፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር ተመጣጣኝ ሲሆን። ከመጠን ያለፈውን አንቀጽ 79 ለብቻው ይዳኘዋል። ይኸውም ወድቆ የተኛን ሌባ መደብደብ መከላከል አይደለም፤ በየሰፈራችን «ሌባ!» ሲባል ተሰብስቦ የሚደረገው ጭካኔ በሸሪዓም በሕግም ሐራም ነው።

ሕጉ በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አበራሽ በቀለ የተባለች የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ተጠለፈች፤ ስታመልጥ ያሳደዳትን ጠላፊ ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፣ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስለተከላከለች በነፃ አሰናበታት። የዚያን ጊዜው የ1949 ዓ.ም የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ እንዲድን መንገድ ይከፍት ነበር፤ አዲሱ ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቶታል። በልደታው ፍርድ ቤት ደጃፍ በየቀኑ የምናልፍ ሰዎች ይህን ለሴቶች ልጆቻችን ነግረን እናውቃለን?

ወደ ጊዜ ጉዳይ እንመለስ። ሥራ የበዛበት ወላጅ ቀበቶ እስኪያጠቁር ይሠልጥን የሚል የለም። ጥቂት ነገር ይበቃል፣ እሱም ቤት ውስጥ ይለመዳል። የእጅ አንጓን ለያዘ ሰው የመያዣው ደካማ ወገን አውራ ጣቱ ያለበት ነው፤ እጅን በዚያ በኩል አዙሮ በኃይል መመንጨቅ ልጅም የሚችለው ነው። ፊትንና ራስን በሁለት ክንድ መሸፈን፣ በመዳፍ ሥር ገፍትሮ መሮጥ፣ ሲሮጡም ወደ ጨለማ ሳይሆን ሱቅና መብራት ወዳለበት መሮጥ፣ ድምፅን ማውጣት። ድምፅ ከሁሉ ይቀድማል። ሴቶች ልጆቻችንን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ እያልን አሳድገናቸዋል፤ ሰው ሲጎትታቸው ግን «አባቴ አይደለም! አላውቀውም!» ብለው በሙሉ ጉሮሯቸው መጮኽ እንዳለባቸውም እንንገራቸው። ዝም ብላ የምታለቅስ ልጅ ከአባቷ ጋር የተጣላች መስላ ትታለፋለች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከእራት በፊት አሥር ደቂቃ፣ ምንጣፍ ላይ። ትንንሾቹ እንደ ጨዋታ ይወዱታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ እንደተወዳደሩ ተዘግቧል፤ ከቤተሰብ ጋር መሮጥ ከማንም ክብር አይቀንስም።

የበለጠ የሚፈልግ ቴኳንዶና ካራቴ የሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎች በከተማው አሉ። የሙስሊም ወላጅ ከመመዝገቡ በፊት ሄዶ ይይ። ለአሠልጣኙ እንደ ሩኩዕ ጎንበስ ማለት ይጠየቃል፤ ልጄ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ይስጥ ብሎ በትሕትና ማስረዳት ይቻላል። የሥልጠናው ሰዓት መግሪብን የሚያሳልፍ እንዳይሆን፣ ለሴቶች ልጆች ለብቻ ቦታ እንዳለ፣ ፊት ላይ መምታት የተፈቀደ እንዳልሆነም ይጠይቅ፤ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚታገል ሰው ፊትን እንዲርቅ አዘዋል።

ለመንገዱ ደግሞ፦ አንድ ቅዳሜ ልጅህን ይዘህ የሚሄድበትን መንገድ አብረኸው በእግርህ ሂድ። የትኛው ሱቅ እንደሚገባ፣ የትኛው አጥር ሥር ማለፍ እንደሌለበት አሳየው። ከሾፌርና ከወያላ ሌላ ተሳፋሪ የሌለበት፣ ወይም ወንዶች ብቻ የሞሉበት ሚኒባስ ልጅ አይሳፈር፤ ቢዘገይም ይዘግይ፣ በመዘግየቱ እንደማይቆጡት ይወቅ። በአንተና በልጅህ መካከል ብቻ የሚታወቅ አንድ ቃል ይኑር። «አባትህ ልኮኝ ነው» የሚል ሰው ቃሉን ካላወቀ ልጁ አብሮት አይሂድ፣ አጎቱም ቢሆን። የፖሊስ ነፃ ስልክ 991 መሆኑን ልጅ ከፋቲሓ ቀጥሎ ቢሐፍዘው ነውር የለበትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተኩላ፣ ወደ ቤቱ ተኩላ እንምጣ። ይህን መጻፍ ይከብዳል፤ ግን ዝምታው የበለጠ ከብዷል። በሱረቱ ኑር አንቀጽ 58 ልጆች እንኳ በሦስት ጊዜያት ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ታዘዋል፤ አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲሥ ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለይ ታዟል። ሸሪዓው ለልጅ ሰውነት ወሰን ያበጀው ገና በቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ልጅ ሰውነቱ አማና መሆኑን፣ ከእናቱና ከሐኪም በቀር (እሱም እናቱ ባለችበት) ማንም እንደማይነካው፣ «ለእናትህ እንዳትናገር» የሚል ሰው ሁሉ ወዲያው ለእናት የሚነገርበት መሆኑን ይማር። ማንም ስንል አጎት፣ አከራይ፣ የግቢ ዘበኛ፣ የቤት አስጠኚ፣ አዎን፣ ኡስታዝም ማለታችን ነው። ኡስታዞቻችን ክቡራን ናቸው፣ ክብራቸውንም የሚጠብቅላቸው ይኸው ነው፦ የመድረሳው በር ክፍት ይሁን፣ አንድ ልጅ ለብቻው ከአንድ ሰው ጋር አይቅር። ንጹሕ ኡስታዝ በዚህ አይከፋም።

አንዳንድ ወገኖች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «ሰትር ነው፣ ነገሩን አትዘርጉት፣ የልጅቱ ስም ይጠፋል» ይላሉ። ሽማግሌ ተሰብስቦ ነገሩ በይቅርታ ያልቃል። የሙስሊምን ነውር መሸፈን ታላቅ ምንዳ እንዳለው አይካድም። ነገር ግን ነወዊ ራሳቸው በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው፣ ይህ ትእዛዝ በማወክና በመጉዳት ላልታወቀ ሰው እንደሆነ፣ ጉዳቱ ለሌላ የሚተርፍን ሰው ግን ሥልጣን ወዳለው ማድረስ እንደሚገባ አስረድተዋል። ሕፃን የነካ ሰው ሲሸፈንለት፣ የሚሸፈነው ለሚቀጥለው ሕፃን ነው። የሽማግሌዎቹ እርቅ የማንን ልጅ ነው አሳልፎ የሰጠው? በቂያማ ቀን እረኛ ስለ መንጋው ሲጠየቅ፣ «ስማችን እንዳይጠፋ ብለን ነው» የሚለው መልስ ይበቃ ይሆን?

አላህ አያምጣውና ጉዳት ቢደርስ፣ የእናት የመጀመሪያ ስሜት ልጇን ማጠብ ነው፤ ጠሃራ የለመደ ቤት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። እህቴ ሆይ፣ አትጠቢያት፤ ልብሷንም አትጠቢ፣ በወረቀት ጠቅልለሽ ያዥ። ማስረጃው እሱ ነው። ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ውሰጃት፤ የኤች.አይ.ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ብቻ ነው፣ በፈጠነ መጠንም ይሻላል። በከተማችን ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለዚሁ ጉዳይ ሕክምናውንና የፖሊሱን ሥራ በአንድ ቦታ የሚያስጨርስ ማዕከል አለው። ልጅቱ «ለምን ሄድሽ? ለምን ዝም አልሽ?» አትባል። እንዳመንሻት ንገሪያት፣ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ንገሪያት። መታጠቡ ይደርሳል።

ለልደታና ለአካባቢው ጀማዓ አንድ ሐሳብ አለን። የመስጊድ ኮሚቴዎች ለሴቶች የተለየ ቦታ አላቸው፤ እሑድ ከዙሁር በኋላ ባዶውን ነው የሚውለው። በወር ሁለት እሑድ፣ አንዲት ሴት አሠልጣኝ ተጋብዛ ለእናቶችና ለሴቶች ልጆች አንድ ሰዓት ብታስተምር፣ በሌላው ክፍል ደግሞ አንድ የሕግ ባለሙያ ወንድም አንቀጽ 78ን ለአባቶች ቢያብራራ፣ ወጪው የአሠልጣኟ ትራንስፖርትና ሻይ ነው። ፈቃደኛ የሆነ ኮሚቴ ከፊታችን ጁሙዓ ሶላት በኋላ ስም መመዝገብ ይጀምር።